ከሟቹ ጋር ብርጭቆ ያጋጨሁ ቀን

በ97ቱ ምርጫ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ተመርጬ ነበር። ይህን የምለው ደረቴን ለመንፋት አይደለም፤ ወንበሩ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩም። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ የማያውቅ ታላቁን ይጠይቅ። እኔ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባሁ፤ ከናይሮቢም የስንቱን ደጅ ጠንቼ ለንደን ደረስኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ለንደን የት እንዳለች ከካርታ ላይ አሳምሬ አሳይ ነበር። ሰው እዚያ ብቻውን ሲከርም ምን እንደሚሆን ግን ያስተማረኝ አልነበረም።

ስቶክዌል አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቴ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝ፣ በመጨረሻ ሌላ አገባች፤ እውነቷን ነው፣ አልፈርድባትም። ልጃችን ቤዛ ስለያት ገና መቀመጥ እየተማረች ነበር። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። “እንዴት ነሽ?” “ደህና።” “ትምህርትስ?” “ጥሩ ነው።” “ልመጣ ነው እኮ።” “እሺ።” ከዚያ እናቷ ትጠራትና ታመልጠኛለች። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ግድግዳውን ሳይ እቆያለሁ።

ሥራዬ ኬረር ነው። ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ቼክ አደርጋለሁ። ተመራጭ ነበርኩ ያልኳችሁ ሰውዬ ማለት ነው። ከማግኛቸው ሽማግሌዎች መካከል ግን አንዱ ከሁሉም ይለዩብኝ ነበር፤ ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ የመንግሥት ኪራይ በሆነ ካውንስል ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አርመን። ስማቸው ቫሃን ነው። እኔ የምጠራቸው “ሙሴ ቫሃን” እያልኩ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን የነበሩትን አርመን ሰዓት ሠሪ ሁላችንም ሙሴ ነበር የምንላቸው። በመጀመሪያው ቀን ከአፌ ሲያመልጠኝ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ።

“አቶ እንደማለት ነው። ግን ደግሞ ባሕሩን የከፈለው ነቢይም በእኛ ቋንቋ ሙሴ ነው” አልኳቸው።

“የተስፋይቱን ምድር ሳይገባ የቀረው?”

“እሱ።”

ትንሽ አሰቡና “ይስማማኛል” አሉ።

እሳቸው ደግሞ “ግርማ ጃን” ይሉኛል። መጀመሪያ ስሰማው ግርማዊ ጃንሆይ ሊሉኝ ምን ቀራቸው፣ ሽማግሌው ያላግጡብኛል ብዬ አኩርፌ ዋልኩ። ኋላ ነው “ጃን” በእነሱ ቋንቋ “ነፍሴ” እንደማለት መሆኑን የነገሩኝ። ለንደን ውስጥ ነፍሴ የሚለኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ኩርፊያዬን ቶሎ ተውኩት።

ታሪካቸውን ጢማቸውን ስላጫቸው ነው የሚያወሩኝ። በሶቪየት ጊዜ የአንዲት ትንሽ ከተማ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። ያ መንግሥት መንገዳገድ ሲጀምር ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ እሳቸውም የትምህርት ቤታቸውን ድምፅ ማጉያ ተሸክመው አብረው ወጡ። “ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው መሪ ይሆናል፣ ግርማ ጃን፤ ሌላ ምሥጢር የለውም” ይሉኛል። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ፓርላማ ገቡ፣ ቀጥሎ የመብራት ጉዳይ የተሰጠው ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። ጊዜው ክፉ ነበር። ጦርነት ነው፣ ድንበሩ ተዘግቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ መብራት በቀን አንድ ሰዓት ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። ሰው የቤቱን ወለል እንጨት እየነቀለ ያነድ ነበር። ለየትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት መብራት እንደሚለቀቅ የሚወስኑት ሙሴ ቫሃን ስለነበሩ “የጨለማው ሚኒስትር” የሚል ስም ወጣላቸው። ሚስታቸው የዳቦ ሰልፍ ላይ ተሰደቡ። ከዚያ ሰውየው ከሥልጣን ወረዱ፣ ተቃዋሚ ሆኑ፣ ተወዳደሩ፣ ተሸነፉ፣ ደግመው ተወዳደሩ፣ “ተሰረቅን” ብለው እንደገና አደባባይ ወጡ። ጓደኞቻቸው ሲታሰሩ እሳቸው ከሚስታቸው ጋር ለንደን መጡ። ሚስታቸውም እዚሁ ለንደን አፈር ለበሱ።

አገር ቤት የቀረቻቸው አንዲት ታላቅ እህት ናት። እሑድ ጠዋት ትደውላለች፤ ጆሮዋ ስለደከመ ሙሴ ቫሃን ቤቱ እስኪነቃነቅ ይጮኹላታል። አንድ ቀን ምን እንደምትላቸው ጠየቅኋቸው።

“መቼ ነው የምትመጣው ትለኛለች።”

“እርስዎስ ምን ይሏታል?”

“ሲጠሩኝ።”

ይህ መልስ ገብቶኛል። በ2010 ዓ.ም. በጸደይ ወራት፣ የእግዜር ሥራ፣ በእሳቸውም አገር በእኛም አገር መንግሥት ተለወጠ። ውጭ የከረመው ፖለቲከኛ ሁሉ የሻንጣውን አቧራ ማራገፍ ጀመረ። የድሮ የፓርቲ ጓደኛዬ ታደሰ ከአዲስ አበባ ደውሎ “ስምህ እየተነሣ ነው፤ እንጠራሃለንና ተዘጋጅ” አለኝ። እኔም ተዘጋጀሁ። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አንዱ አንዱን እየላጨ፣ ሁለት ሰዎች ስልክ ስንጠብቅ ከረምን። ልዩነታችን እኔ ገና ጊዜ ነበረኝ፤ እሳቸው ግን ሰማንያን አልፈዋል። አሁን ካልተጠሩ መቼም እንደማይጠሩ እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንናገረውም።

ታዲያ አንድ ቀን ስገባ ሽማግሌው ቆመው ጠበቁኝ። ከአዲሱ መንግሥት አንድ ወጣት ሚኒስትር ለንደን ይመጣል፤ እሑድ ባተርሲ በሚገኝ አዳራሽ ከአርመኖች ጋር ምሳ ይበላል ሲባል ሰምተዋል። ማን ጋበዛቸው? ማንም። “ለሁሉም ክፍት ነው” አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግር ይለማመዱ ጀመር። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ ፊታቸውን ወደ ማድቤቱ አዙረው፣ በአርመንኛ ይናገራሉ። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግን የት የት ላይ ቆም እንደሚሉ አወቅሁ። ሲቆሙ አጨበጭባለሁ። ቀድሜ ካጨበጨብኩ ይቆጡኛል።

ያ እሑድ ዕረፍቴ ነበር። ግን ማን ይወስዳቸዋል? የሚኒስትርነት ዘመናቸውን ሱፍ አወጣን፤ ሰውነታቸው አልቆ ስለነበር ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላቸው። “ወደ ማንም ጀርባዎን እንዳያዞሩ” አልኳቸው። “ፖለቲካ ውስጥ ስኖር የተማርኩት እሱን ብቻ ነው” አሉኝ።

ሁለት አውቶቡስ ለውጠን ወንዙን ተሻገርን። በመንገድ ላይ አልተናገሩም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። አዳራሹ በር ላይ የቆመችው ለንደን የተወለደች ልጅ ስማቸውን ስትሰማ ፈገግ አለችና “ዌልካም፣ የትም መቀመጥ ትችላላችሁ” አለችን። ሙሴ ቫሃን ትንሽ ጠበቋት። እሷ ከኋላችን ያሉትን ሰላም ማለት ጀመረች።

“ሕፃን ናት፤ ስሜን ከየት ታውቀዋለች” አሉኝ ገባ እንዳልን።

ወደ ፊት እንቅረብ ብላቸው እምቢ አሉ። ማድቤቱ በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። “እነሱ ናቸው ወደ እኔ መምጣት ያለባቸው።”

“እኛም አገር ‘ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት’ ይባላል” አልኳቸው።

“ጥሩ ሕዝብ ናችሁ” አሉ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እናንተዬ፣ ሰው ሲጠብቅ አጠገቡ እንደመቀመጥ ከባድ ነገር የለም። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ከሩቅ አተኩሮ አያቸው፤ ተነሣ፤ ወደኛ መጣ። ሙሴ ቫሃን ከረባታቸውን አስተካከሉ። ሰውዬው በአጠገባችን አልፎ ሽንት ቤት ገባ። ቆይቶ አንዲት ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት ከሙሉው አዳራሽ ለይታ ወደኛ ቀጥ ብላ መጣችና አጎንብሳ አናገረቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ደበዘዘ። ባዶው ወንበር ሰው አለው ወይ ነው ያለቻቸው። አጠገቤ ተቀመጠች። የተጠበሰ ሥጋ መጣ፣ የወይን ቅጠል ጥቅልል መጣ፣ ኮኛክ ተቀዳ። ሙሴ ቫሃን ውኃ ብቻ ይጎነጫሉ፤ ለንግግሩ ጉሮሯቸውን እየጠበቁ መሆኑ ገባኝ።

ወጣቱ ሚኒስትር ብርጭቆ ይዞ ተነሣ። ስለ አገር ተናገረ መሰለኝ፣ ተጨበጨበ። ወደ ሴቶቹ ዞሮ ተናገረ፣ ተጨበጨበ። በየመሃሉ ብርጭቆ ለብርጭቆ እየተጋጨ ይጠጣል። ሦስተኛው ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰዉ ሁሉ ቆመ፤ እኛም ቆምን። ስም ይጠራ ጀመር። አንድ ስም፣ ትንሽ ዝምታ፣ ሌላ ስም። ጆሮዬን አቅንቼ ሳዳምጥ፣ “ቫሃን” ሲል ሰማሁ፤ የአባታቸውን ስም አስከትሎ። አልተሳሳትኩም፣ ጥርት አድርጎ ነው የተናገረው።

በደስታ የምሆነውን አጣሁ። በስንት ዘመኑ ጠሯቸው፤ እዚህ መሆናቸውን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ብርጭቆዬን አነሣሁና “ለጤናዎ!” ብዬ ከእሳቸው ብርጭቆ ጋር አጋጨሁት።

አዳራሹ ጸጥ ብሎ ኖሮ ቅጭልታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ሁሉም ዞረ። ቀይ ሻርፕ ያደረገችው ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ሙሴ ቫሃን ግን ብርጭቋቸው እንደተነሣ፣ ወደኔ ሳያዩ፣ በጣም በቀስታ፣

“ግርማ ጃን፣ በእኛ አገር ለሙታን ሲጠጣ ብርጭቆ አይጋጭም” አሉኝ።

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየ። ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬውን ከሟቾች መካከል ነው የጠሯቸው። እኔ ደግሞ በገዛ ሙት መታሰቢያቸው ላይ “ለጤናዎ” አልኳቸው።

ወጣቱ ሚኒስትር ከወዲያ ሆኖ አንድ ነገር ጠየቀ። ሴትዮዋ በሹክሹክታ ተረጎመችልኝ፤ “አባት፣ ስምዎ ማነው?” ነው ያለው። ሙሴ ቫሃን ስማቸውን ተናገሩ። ከፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት አማተቡ።

“ይናገሩ” አሏቸው ከዚያም ከዚህም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። እኔም እዚህ ጋ ይቆማሉ፣ እዚህ ጋ ይቆማሉ እያልኩ እጄን ለጭብጨባ አዘጋጀሁ። ከማውቃቸው ቆም ማለቶች አንዱም አልመጣም። ያን የስንት ሳምንት ንግግር ትተውት ሌላ ነገር ነበር የሚናገሩት፤ ሴትዮዋ ስትተረጉምልኝ እንዲህ ነበር፦

“ሟቹን አውቀው ነበር። ድምፁ ትልቅ፣ ሥራው መካከለኛ ሰው ነበር። በዚያ ብርድ መብራት ሲያከፋፍል የራሱን ሰፈር ከሁሉ መጨረሻ አደረገው፤ ለዚህም ሚስቱ አልመረቀችውም። ዛሬ ስሙን በክብር ስትጠሩት ሰማሁ። በሕይወቱ አንድ ሰው እንዲህ ጠርቶት ቢሆን ኖሮ ምናልባት አገሩን አይለቅም ነበር። ነፍሱን ይማር።” ብለው ኮኛኩን በአንድ ጊዜ ጨለጡት።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ወጣቱ መጥቶ እጃቸውን ሳመ፤ በእውነት ፊቱ ቀልቶ ነበር። ቁጭ ብሎ ብዙ አወራቸው። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ተሰልፎ ከሟቹ ጋር ፎቶ ተነሣ። ጀርባቸው ላይ ያለው መርፌ ቁልፍ እንዳይታይ ከኋላቸው ቆሜ ስጠብቅ ነበርና አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ያ ሁሉ ሰው ሲያቅፋቸው ስልክ ቁጥራቸውን የጠየቀ አልነበረም። ሚኒስትሩም ሌላ ፕሮግራም ስለነበረው ሄደ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ወንዙን ስንሻገር አላስቻለኝም።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሙሴ ቫሃን። አሳፈርኩዎት።”

“አንተ ባታጋጨው ኖሮ ጠጥቼ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር” አሉ። “ሞቼ ማለት ነው።”

“እንዴት ሞቱ ሊሉ ቻሉ ግን?”

“ስሜን የሚጋራ ሰው ሞተ፣ ጋዜጣ ተሳሳተ፣ እኔም ፌስቡኬ ከተዘጋብኝ ወዲህ ያየኝ የለም። በዚህ ዘመን ዝም ያለ ፖለቲከኛ ሞቷል ማለት ነው።” ወደ መስኮቱ ዞረው “ሚኒስትሩ እንደነገረኝ በከተማዬ አንድ መንገድ በስሜ ሰይመዋል። ደንቡ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው አይፈቅድም” አሉ።

ላጽናናቸው ብዬ፣ በእኛ አገር ሰው በቁሙ የራሱን ተዝካር የሚያወጣበት ልማድ እንዳለ፣ ድግሱንም ራሱ ቁጭ ብሎ እንደሚበላ ነገርኳቸው። “ብልህ ሕዝብ” አሉና ሳቁ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

“ያ ወጣት ለካ የከተማዬ ልጅ ነው፤ ምን አለኝ መሰለህ፣ ግርማ ጃን? ‘እህትዎ ያሳዝናሉ፤ ወንድሜ አለ፣ በየእሑዱ አነጋግረዋለሁ ይላሉ፤ እርጅና ነው ብለን ዝም ብለናቸው ነበር’ አለኝ። ሰው ሁሉ ጃጅታለች ብሎ ነው የያዛት። የመንገዱን ነገር ደግሞ እንዳይከፋኝ ብላ አልነገረችኝም። እህቴ በየሳምንቱ ትጠራኝ ነበር። እኔ የሷን ጥሪ ከጥሪ አልቆጠርኩትም።”

እጃቸውን ያዝኩ። እስክንወርድ ድረስ እንደያዝኩት ነበርኩ።

ቤታቸው ሳደርሳቸው በሩ ላይ ቆም አሉና “እሄዳለሁ” አሉኝ። “ማንም አልጠራኝም። እህቴ እብድ አለመሆኗን ለመመስከር እሄዳለሁ።” ሄዱም። የአውሮፕላን ማረፊያው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሸኘኋቸው። የመንገዱ ስም እስካሁን አልተነሣም፤ የከተማው ሰው እንዳላየ አልፎታል አሉኝ በስልክ፣ እየጮኹ። ከእህታቸው ጋር ሲኖሩ መጮህ ለምዶባቸዋል።

ያን እሑድ ግን ገና አመሻሽ ላይ ክፍሌ እንደገባሁ ለቤዛ ደወልኩ። እንደልማዷ “ደህና” እና “ጥሩ ነው” አለችኝ።

“ቤዛዬ፣ ልመጣ ነው። የዛሬው እውነት ነው። ትምህርት ቤትሽ መጥቼ እወስድሻለሁ።”

“አባ፣ ትምህርት ቤት ባትመጣ” አለችኝ።

“ለምን?”

“ሞቷል ብያቸዋለሁ።”

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

“ተናደድክ?”

“አልተናደድኩም። ለምን እንደዛ አልሻቸው ግን?”

“ማስረዳቱ ረጅም ነው። ለንደን ነው ስላቸው ታዲያ ለምን አልወሰደሽም ይሉኛል። ለምን አይመጣም ይሉኛል። ሞቷል ስላቸው ዝም ይላሉ።”

ያቺን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኳት አልነግራችሁም። ለቅሶ ላይ የሚቀመጥ ሰው አጠገቡ ጎረቤት ይኖረዋል፤ የኔ ሐዘን ግን ስለ ራሴ ስለነበር ማንን ልጥራ?

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በየሰው አገር ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የማንን ጥሪ ነው የምትጠብቁት? እኔ የፓርቲዬን ጥሪ፣ የታደሰን ጥሪ፣ የአገርን ጥሪ ስጠብቅ ከረምኩ። አገር ግን ጠርቶኝ አያውቅም፤ አገር አፍ የለውም። አፍ ያለው እሑድ እሑድ ስልክ የሚያነሣው ሰው ነው። “ሳይጠሩት አቤት” ነውር ነው እያልኩ ስኮራ፣ አንዲት ልጄ ስትጠብቀኝ ስትጠብቀኝ ሰልችቷት ቀብራኛለች። ታደሰ በመጨረሻ ደወለ፤ “ስምህን አስገብተናል፣ ቶሎ ና” አለኝ። መምጣቱን እመጣለሁ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው አልኩት። ገና ለምን እንደሆነ ሳልነግረው ተቀይሞኝ ዘጋው።

አዲስ አበባ ገባሁ። ቤዛን ትምህርት ቤት ልምጣ ወይስ ልቅር ብዬ ጠየቅኋት፤ ሁለት ቀን አስባ “ና” አለችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። የወላጆች መዓት ነው። ተማሪው ጎርፎ ሲወጣ፣ ልጄን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አየኋት፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። እጇን የት እንደምታደርገው ጨንቋት ነበር።

“አባቴ ነው” አለቻቸው።

ልጆቹ ተያዩ። አንዷ፣ ትንሿ፣ “የትኛው አባትሽ? የሞቱት?” አለች።

ቤዛ መሬት መሬት አየች። እኔ ነኝ መልስ መስጠት ያለብኝ።

“አዎ፣ እኔው ነኝ የሞትኩት” አልኳት፣ እጄን ለሰላምታ ዘርግቼ።

ልጅቷ ጨዋ ልጅ ናት፣ አስተዳደጓ ያስታውቃል። ደንግጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ጎንበስ ብላ “ነፍስ ይማር” አለችኝ።

ቤዛ ሳቋ አመለጣት። ፎቶ ስትልክልኝ ሁልጊዜ አፏን ገጥማ ነበር፤ ስለያት ደግሞ ጥርስ አላበቀለችም። ልጄ ፍንጭት መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ።